«አባቴ ልክ ነበር»፦ ስልክ ከተነጠቀ በኋላ ስለሚቀር ፍርሃት

ጥያቄ፦

«29 ዓመቴ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው መስከረም ከሥራ ወጥቼ፣ ጀሞ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ ስልኬን ተነጠቅኩ። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። ልጁ ከኋላ መጥቶ ገፈተረኝና ወደቅኩ። አንዱ ጫማዬ ወለቀ። ጮህኩ። ማንም አልደረሰልኝም። አንድ ሊስትሮ ጫማዬን አንስቶ አመጣልኝ። ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ በርጩማዋ ላይ አስቀምጣ ውኃ ሰጠችኝ፤ በሷ ስልክ ለወንድሜ ደወልኩ። ጉልበቴ ከመጋጋጡ በቀር አልተጎዳሁም።

ይኸው ስምንት ወር ሆነው። እስካሁን ግን አልተረጋጋሁም። ከቢሮ ከ11 ሰዓት በፊት ካልወጣሁ ልቤ ይመታል። ከታክሲ እስከ ቤት ከወንድሜ ጋር በስልክ እያወራሁ ነው የምሄደው። ከኋላዬ ኮቴ ከሰማሁ አስፋልት ተሻግሬ በማዶ እሄዳለሁ። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ተነስቼ የበሩን መቀርቀሪያ አያለሁ። ሰዉ “ለስልክ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?” ይለኛል። እናቴ “ምን ልትሠሪ በዚያ ሰዓት?” ትላለች። አባቴ ያኔ ስመጣ “አዲስ አበባ ሰው የለም፤ ማንንም እንዳታምኚ” ብሎኝ ነበር። አባቴ ልክ ነበር። ፈሪ ሆኜ ልቀር ነው? ወይስ አእምሮዬ ተነክቷል?»

የሥነ ልቦና ባለሙያው ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አእምሮሽ አልተነካም። ፈሪ ሆነሽም አትቀሪም። ግን «ተይው፣ ያልፋል» ብዬ አላሰናብትሽም። ስምንት ወር ሙሉ ስንቱ እንዲህ ብሎሻል፤ አላለፈም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ጮህኩ። ማንም አልደረሰልኝም» ትያለሽ። ወዲያው በሚቀጥለው መስመር ግን አንድ ሊስትሮ ጫማሽን አንስቶ ያመጣልሻል። አንዲት ልጅ በርጩማዋን ለቃ ታስቀምጥሻለች፣ ውኃ ትሰጥሻለች፣ ስልኳን ታውስሻለች። ልብ በይ፤ አሁን ስልክ በተነጠቀበት ቦታ ላይ፣ ለማታውቃት ሰው ስልኳን የሰጠች ልጅ ናት። እነዚህ ሁለት ሰዎች «ማንም» ናቸው?

እየወቀስኩሽ አይደለም፣ ውሸት ጻፍሽም አላልኩም። የገረመኝ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን ጽፈሽ እንኳ አለመጋጨታቸው ነው። አንድ እምነት ሥር ከሰደደ እንደ ግቢ ዘበኛ ይሆናል። የሚያውቀውን ሰላም ብሎ ያሳልፋል። የማያውቀውን መታወቂያ ይጠይቃል፣ ያመላልሳል፣ በመጨረሻም ሳያስገባው ይቀራል። «ሰው የለም» የሚል ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ሊስትሮው በየት በኩል ይግባ? (እምነት ስል ሃይማኖትሽን ማለቴ አይደለም። ስለ ራስሽ፣ ስለ ሰዎችና ስለ ዓለም «እንዲህ ናቸው» ብለሽ የያዝሽውን ነው።)

ደብረ ማርቆስ ካደግሽ የቆርቆሮ ጣራ ታውቂያለሽ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጣራው ኮሽ አለ እንበል። «ድመት ናት» ያለ ሰው ገልበጥ ብሎ ይተኛል። «ሌባ ነው» ያለው ደግሞ ላብ በላብ ይሆናል፤ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል፣ እስኪነጋ ዓይኑን አይከድንም። ጣራው አንድ ነው፣ ድምፁም አንድ ነው። በድምፁና በላቡ መሃል ግን አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አልፋለች። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ድብርት ያለባቸውን ሰዎች ሲያክም ያስተዋለው ይህንኑ ነው። ስሜቱ ከመምጣቱ በፊት ብልጭ ብላ የምታልፍ ሐሳብ አለች። ፈጣን ስለሆነች ባለቤቷ እንኳ አያያትም። ስሜቱን ብቻ ያያል፤ ስሜቱንም እንደ ማስረጃ ይወስዳል። «ልቤ እየመታ ነው፤ ስለዚህ አደጋ አለ» ይላል።

ታዲያ ያንቺ ዓረፍተ ነገር የትኛዋ ናት? እኔ የማያት «አባቴ ልክ ነበር» የምትለዋን ነው።

የተነጠቅሽው ስልክ ነው። ልጁ ሮጦ ሄዷል። ድርጊቱ ካለቀ ስምንት ወር ሆኖታል። ፍርሃቱ ግን ያለፈ ነገር ፍርሃት አይመስልም፤ ዛሬ፣ አሁን፣ ከቤትሽ ደረጃ ሥር ለቆመ ሌባ የሚሰማ ፍርሃት ነው። አንከ ኤለርስና ዴቪድ ክላርክ የተባሉ እንግሊዝ አገር የሚሠሩ ባለሙያዎች በፈረንጆቹ 2000 ባሳተሙት ጽሑፍ የዚህ ዓይነት ጭንቀት ለምን እንደሚቆይ ሲያስረዱ ያነሱት ይህን ነው። አደጋው ካለፈ በኋላ ፍርሃት የሚከርመው ሰውዬው ከድርጊቱ ያወጣው ትርጉም ዛሬም አደጋ ላይ ነኝ ሲያሰኘው ነው ይላሉ። ድርጊቱ «አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሌባ» ሆኖ ቢመዘገብ ይበርዳል። «ከተማው እንዲህ ነው፣ እኔም እንዲህ ነኝ» ተብሎ ከተመዘገበ ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ይሆናል።

ኤድና ፎዋ የተባለች ሌላ ባለሙያ ደግሞ ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚቀሩትን እምነቶች በሁለት ጠቅልላቸዋለች። አንዱ «ዓለም ጨርሶ አደገኛ ናት» ይላል። ሌላው «እኔ ጨርሶ አቅም የለኝም» ይላል። ያንቺ ደብዳቤ ውስጥ ሁለቱም አሉ። የመጀመሪያው በአባትሽ ድምፅ ነው የመጣው። ሁለተኛው በመጨረሻው ጥያቄሽ፦ «ፈሪ ሆኜ ልቀር ነው?»

አባትሽ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ብዙ ሰው የሚያስበው ሌባ የሚያናጋው «ዓለም ሰላም ናት» ብሎ ያደገን ሰው ነው። እውነት ነው፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው እምነቱ ይሰበርበታል። ግን ሌላ ዓይነት ሰውም አለ። ድሮውኑ ውስጡ የተቀመጠ ማስጠንቀቂያ ያለው ሰው። እሱን ድርጊቱ አይሰብረውም፣ ያጸናዋል። «ይኸው! አላልኩሽም?» ይለዋል። ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ለማከም ልዩ ዘዴ ያዘጋጀችው ፓትሪሺያ ሪሲክ ሁለቱንም መንገድ ለይታ ታያቸዋለች። በሷ ዘዴ ታካሚዋ ተራ በተራ የምትፈትሻቸው አምስት ነገሮች አሉ። ደኅንነት፣ አመኔታ፣ ቁጥጥር፣ ክብርና መቀራረብ ናቸው። ደኅንነት መጀመሪያ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እሱ ሲናጋ ሌሎቹም ይከተላሉ። አንቺም ስለ ስልክ ጀምረሽ የጨረስሽው «ሰው የለም» ብለሽ ነው።

በቋንቋችን ደግሞ ለእንዲህ ያለው እምነት ስንቅ ሞልቷል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» እንላለን። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» እንላለን። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የምትለዋ ከሁሉ የከፋች ናት፤ ፍርሃቱን ራሱን ወደ ትንቢት ትቀይረዋለች። እነዚህን ስንሰማ ነው ያደግነው። አባትሽ ያንን የተናገረው ጠልቶሽ ወይም ከተማውን አጥንቶ አይመስለኝም። ልጁን ወደማያውቀው ቦታ የሚልክ አባት አብሮ መሄድ ሲያቅተው ቃል ይልካል። ቃሉ ጃንጥላ ነበር። አንቺ ግን በጸሐይም ዘርግተሽው ትሄጃለሽ።

እስቲ ቃሉን ደግሞ በኑሮሽ ፈትሺው። ስድስት ዓመት አዲስ አበባ ኖረሻል። ማንንም ሳታምኚ ነው የኖርሽው? ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ የምትሰጪው 200 ብር በሦስት አራት ሰው እጅ አልፎ ረዳቱ ጋ ይደርሳል። መልሱም በዚያው እጅ ይመለሳል። ከነዚያ እጆች የአንዱንም ባለቤት ስም አታውቂም። በቀን ሁለቴ የማታውቂያቸውን ሰዎች በገንዘብ እያመንሽ «ማንንም አላምንም» ትያለሽ። ዘበኛው ይህንንም አላስገባውም።

የእናትሽን ነገር ደግሞ በአጭሩ። «ምን ልትሠሪ በዚያ ሰዓት?» ማለት ያማል፤ ይገባኛል። ከሥራ እየተመለስሽ እንደነበር ጠፍቷት አይደለም። ሜልቪን ለርነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ተማሪዎች አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ስትሠቃይ የሚያዩ እንዲመስላቸው አደረገ። ሥቃይዋን ማስቆም ሲችሉ አስቆሙላት። ማስቆም እንደማይችሉ ሲያውቁ ግን ቀስ በቀስ እሷን ማናናቅ ጀመሩ። ሰው ያለ ጥፋቱ ይጎዳል ብሎ ማመን ለሚመለከተውም ያስፈራል። ጥፋት ከተገኘላት ግን እኔ ያንን ስለማላደርግ አይደርስብኝም ማለት ይቻላል። እናትሽ ያንን ጥያቄ የምትጠይቀው የራሷን ፍርሃት ለማስተኛት ነው። ልጇ ያለችበት ከተማ እንደዚያ ነው ብሎ ማሰብ ለሷም ይከብዳል።

አንቺም ለራስሽ የምትዪው ሳይኖር አይቀርም። «ስልኬን ባላወጣ ኖሮ።» እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ላሳይሽ፤ ሮኒ ጃኖፍ ቡልማን የተባለች ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1979 ያነሳችው ነው። «ስልኬን መንገድ ላይ ማውጣት አልነበረብኝም» የሚለው ስለ አንድ ድርጊት ነው። ድርጊት ነገ ይቀየራል፤ ስለዚህ ይህ ሐሳብ ሰውን ብዙ አያደክምም። «እኔ ዝርክርክ ነኝ፣ እኔ ሞኝ ነኝ» የሚለው ስለ ማንነት ነው። እሱ የትም ብትሄጂ አብሮሽ ይሄዳል። ራስሽን ስትወቅሺ የትኛውን እንደምትዪ አዳምጪ። ለነገሩ ለነጠቃው ተጠያቂው ነጣቂው ነው፤ ይህን መጻፍ ባያስፈልገኝ ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ልብሽ ምት። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው የአንጎል ሳይንስ አልተማረም፣ ግን አልተሳሳተም። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የምታክል ክፍል አለች። ሥራዋ አደጋን ማሽተት ነው። ፈጣን ናት፤ አጥርታ አታይም። ልጡን ከእባቡ ለይቶ የሚያየው ሌላው የአንጎል ክፍል እስኪደርስ እሷ ልብሽን አስሩጣ፣ እግርሽን አዘጋጅታ ጨርሳለች። ከኋላሽ ኮቴ ስትሰሚ የምትደነግጪው ለዚህ ነው። ድንጋጤው ጤነኛ ነው። በመደንገጥሽ አታፍሪ። የምናወራው ከድንጋጤው በኋላ ስላለው ግማሽ ደቂቃ ነው። ዞር ብለሽ አይተሽ «ኧረ ሽማግሌ ናቸው» ትያለሽ? ወይስ ሳታዪ አስፋልት ትሻገሪያለሽ?

በሕክምናው ዓለም ፍርሃትን በአራት ነገሮች የምንመዝንበት ዘዴ አለ። አደጋው የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ቢደርስ ምን ያህል ከባድ ነው? እኔ ምን አቅም አለኝ? የሚደርስልኝ ሰው አለ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይባዛሉ። ከዚያ የኋለኞቹ ሁለት ተደምረው ያካፍሏቸዋል። የሒሳብ ሰው ነሽና እንዲህ ሲቀመጥ አይከብድሽም። አካፋዩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።

ዕድሉን እንይ። በስድስት ዓመት ውስጥ፣ በዓመት 300 የሥራ ቀን ብንል፣ ያንን መንገድ ወደ ቤት 1800 ጊዜ ያህል ሄደሻል። አንድ ጊዜ ተነጥቀሻል። ይህን ብዬ «ስለዚህ አትፍሪ» ልልሽ አልችልም። ስልክ መነጠቅ አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ሞተር ሳይክልን ሲያግድ አንዱ የተጠቀሰው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። እንደገና ሊያጋጥምሽ ይችላል። ደግሞ ፍርሃት በቁጥር አይሸነፍም። «ያቺ አንዷ ቀን ዛሬ ከሆነችስ?» ይልሻል። መልስ የለኝም፤ ማንም የለውም።

እኔ የማተኩረው አካፋዩ ላይ ነው። አቅሜ ዜሮ ነው ብለሻል። ወድቀሽ ተነስተሻል። ጮኸሻል፤ መጮህ ቀላል አይደለም፣ ብዙ ሰው ድምፁ ይዘጋበታል። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ የወንድምሽን ቁጥር በቃልሽ አስታውሰሽ በሰው ስልክ ደውለሻል። ዛሬ የማንንም ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው አለ? እኔ የባለቤቴን አላውቅም። ደራሽ የለኝም ብለሻል። ሊስትሮው፣ ቡና አፍይዋ፣ ወንድምሽ፤ ሦስት ሰው ነው። እንግዲህ ስምንት ወር ሙሉ በተሳሳተ ቁጥር ስታካፍዪ ነው የከረምሽው።

አሁን ስለ ልማዶችሽ። ከ11 በፊት መውጣት፣ የስልኩ ወሬ፣ አስፋልት መሻገር፣ መቀርቀሪያው። እኛ እነዚህን የመጠበቂያ ልማዶች እንላቸዋለን። የሚገርም ባሕርይ አላቸው። ክታብ አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው አስቢ። ቀኑ በሰላም ባለፈ ቁጥር የሚመሰገነው ክታቡ ነው። አንድም ቀን አውልቆት ስለማይወጣ ያለ ክታብም ሰላም ውሎ መግባት እንደሚቻል አያውቅም። ያንቺም ክታብ ወንድምሽ ነው። ቤት በሰላም በገባሽ ቁጥር ዘበኛው «ወንድምሽ መስመር ላይ ስለነበረ ነው» ብሎ ይመዘግባል።

ደግሞ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ስልክ ነጣቂ ፈርተሽ ስልክ ጆሮሽ ላይ ለጥፈሽ ነው የምትሄጂው። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። አንቺም ፈገግ ብትይ ደስ ይለኛል። ለልብሽ ያረጋጋል፤ ለነጣቂው ግን ዕቃውን አውጥተሽ እያሳየሽው ነው። ኮቴ ሰምተሽ፣ ስልክ እያወራሽ አስፋልት የምትሻገሪው ግን አያስቅም። በአዲስ አበባ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል። አብዛኛው እግረኛ ነው። አስፋልቱን ማንም አይፈራውም፤ አስፋልት ፊት የለውማ።

ይህ ያንቺ ብቻ ስህተት አይደለም። በፈረንጆቹ መስከረም 11 ቀን 2001፣ እኛ የ1994ን እንቁጣጣሽ ስናከብር፣ አሜሪካ ውስጥ አሸባሪዎች አውሮፕላኖችን ጠልፈው ሕንፃ ላይ ከሰከሱ። ከዚያ በኋላ ብዙ አሜሪካውያን አውሮፕላን ፈርተው ረጅሙን መንገድ በመኪና መሄድ ጀመሩ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጌርድ ጊገረንዘር በኋላ የመንገድ አደጋውን መረጃ መረመረ። በተከታዩ አንድ ዓመት በዚያ ምክንያት 1500 ያህል ተጨማሪ ሰው መንገድ ላይ እንደሞተ አሰላ። ፍርሃታቸው ከትንሹ አደጋ አሽሽቶ ወደ ትልቁ ወሰዳቸው።

መቀርቀሪያውም የራሱ ተንኮል አለው። ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2003 ሰዎችን የጋዝ ምድጃ መዘጋቱን ደጋግመው እንዲያረጋግጡ አደረጓቸው። ምድጃው በኮምፒውተር ላይ ያለ ነው። ደጋግመው ያዩት ሰዎች መጨረሻ ላይ ያዩትን ነገር ማመን አቃታቸው። ማየት ሲደጋገም ትዝታው ይደበዝዛል፣ ጥርጣሬው ይጨምራል። ለአራተኛ ጊዜ የምትነሽው መቀርቀሪያው አጠራጥሮሽ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ስላየሽው ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔም ቤት ሌባ ገብቶ ቴሌቪዥንና ሁለት ጥንድ ጫማ ወስዷል። ሦስት ወር ከአልጋዬ ሥር ዱላ አድርጌ ተኛሁ። በዚያው ሰሞን ቀን ቀን ስለ ፍርሃት ሰው እመክር ነበር። ዱላውን ያስወጣችው ባለቤቴ ናት። ወለል ስትወለውል አደናቀፋት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችና ወስዳ ጓሮ ወረወረችው። የመጀመሪያውን ሌሊት አልተኛሁም። በአራተኛው ረሳሁት።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ሐሳብሽን በሐሳብ ብቻ ለመቀየር አትሞክሪ። ፍርሃት የሚያምነው እግርን ነው።

ጥንቃቄ ተዪ አላልኩሽም። ስልክሽ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ቦርሳሽ ከአስፋልቱ በተቃራኒው ጎን ይሁን። መብራት ያለበትን መንገድ ያዢ። በርሽን አንዴ ቆልፊ። ጥንቃቄን ከፍርሃት የምትለዪው በአንድ ጥያቄ ነው። ካደረግሽው በኋላ ዝም ይላል ወይስ «ድገሚው» ይላል? ዝም ካለ ጥንቃቄ ነው። ድገሚው ካለ ፍርሃቱን ፈቃድ እየጠየቅሽ ነው። ጸሎትሽን ግን አልነካም። ጸልየሽ ከወጣሽ መልካም። ከመንገድ ተመልሰሽ «በደንብ አልጸለይኩም» ብለሽ እንደገና የምትጀምሪ ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን።

አንድ ደብተር ግዢ። በግራ ገጽ ከመውጣትሽ በፊት የምትፈሪውን በግልጽ ጻፊ። «ደስ አይለኝም» አይሠራም። «ከታክሲው እስከ ቤት አንድ ሰው ይገፈትረኛል፤ ዕድሉ ከመቶ 60» ብለሽ ጻፊ። በቀኝ ገጽ፣ ቤት ገብተሽ ጫማ ሳታወልቂ፣ የሆነውን ጻፊ። የሆነውን እንጂ የተሰማሽን አይደለም። «ልቤ መታ» ግራ ገጽ ላይ ይቆይ። በቀኝ በኩል የምታሰፍሪው «ሁለት ሴቶች አለፉኝ፣ አንድ ልጅ ብስክሌት ይነዳል፣ ባለሱቁ ሰላም አለኝ» የሚለውን ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት በብርሃን፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ያለ ስልክ ወሬ ተጓዢ። ወንድምሽ ብሎኩ በር ላይ ቢጠብቅሽ ግድ የለም። በሁለተኛው ወንድምሽ ቤት ይጠብቅ። በሦስተኛው 12 ሰዓት ይሁን። ከኋላ ኮቴ ስትሰሚ አስፋልት ከመሻገርሽ በፊት ዞር ብለሽ አንድ ጊዜ እዪ። ማየት መብትሽ ነው፤ ደግሞ መረጃ ነው። ሌሊት መቀርቀሪያውን አንድ ጊዜ ነክተሽ «ተዘግቷል» በይ፤ ጮክ ብለሽ። ከዚያ አትነሽ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይከብዳሉ፤ እኔ ምስክር ነኝ። አንድ ቀን ከሸሸሽም «ሁሉ ነገር ፈረሰ» አትበይ። በማግስቱ ከዚያው ሳምንት ቀጥዪ።

ከዚያ ለአባትሽ ቃል ምትክ ፈልጊለት። «አዲስ አበባ ሰላም ነው» ብለሽ አትጻፊ፤ አታምኚውም፣ እኔም አላምነውም። ደብዳቤሽ ውስጥ ካለው ነገር የሚወጣ ይሁን። ለምሳሌ፦ «አዲስ አበባ ስልክ የሚነጥቅ ልጅ አለ። ስልኳን የምታውስም ልጅ አለች። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ሁለቱንም አግኝቻቸዋለሁ።» ይህ ማጽናኛ አይደለም፣ የሆነው ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ነገሩ ሳታስቢው እንደ አዲስ ዓይንሽ ላይ እየመጣ የሚደቀን ከሆነ፣ ቅዠቱ እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ወይም ሥራ እስከ መቅረት ከደረስሽ፣ ደብተሩ ብቻውን አይበቃም። ከድንጋጤ በኋላ አንድ ወር አልፎት እንዲህ ያለ ምልክት ካለ ባለሙያ ማየት አለበት፤ አንቺ ስምንት ወርሽ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። አማኑኤል መሄድ አበድሽ ማለት አይደለም፤ እዚያ የሚሰለፈው አብዛኛው ሰው እንደኔና እንዳንቺ በእግሩ መጥቶ በእግሩ የሚመለስ ነው።

ሁለተኛው ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ ሌሎች ነው። ምክሩ ፍርሃቱ ከአደጋው ለበለጠበት ሰው ብቻ ነው። ጥይት በሚሰማበት አካባቢ ለሚኖር ሰው አይሠራም። በቤቷ ለምትደበደብ ሴትም አይሠራም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ከሦስት አንዷ ገደማ በባሏ ወይም በአጋሯ አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባት ተናግራለች። ልጆቻችንን የምናስፈራራቸው ግን በጨለማና በማያውቁት ሰው ነው። ለነዚህ ሴቶች ፍርሃታቸው ትክክል ይነግራቸዋል። እነሱ የሚያስፈልጋቸው ደብተር አይደለም፤ ከዚያ ቤት የሚያስወጣቸው ሰውና ሕግ ነው።

ወዳንቺ ልመለስ። ለአራተኛው ሳምንት አንድ ሥራ አለኝ። ከቢሮ በሰዓትሽ ውጪ። ጀሞ ውረጂ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ። ያቺን ቡና የምታፈላ ልጅ ፈልጊያት። ከዚያ ቀን በኋላ በሷ በኩል ያለፍሽ አይመስለኝም፤ ስሟንም አልጻፍሽልኝም። በርጩማው ላይ ተቀመጪ፣ መንገዱን እያየሽ። አንድ ስኒ እዘዢ። ስልክሽን አታውጪ። ስሟን ጠይቂያትና ቤት ስትገቢ በቀኝ ገጽ ላይ ጻፊው።